ራውተሩን ያስተካከልኩ ዕለት

ባለቤቴ ለሁለተኛ ዲግሪ ስታመለክት ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር። የመጀመሪያው ዕድል ያመለጣት በእኔ ምክንያት ነው። ሁለታችንም በአንድ ዓመት ተቀባይነት አገኘን፤ ትልቋ ልጃችን ግን ገና ጡት አልጣለችም። "አንተ ቅደም፣ እኔ እከተላለሁ" አለችኝ። እኔ ቀደምኩ። መከተሉ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ። በሁለተኛው ጊዜ ተጠባባቂ ነሽ ብለዋት ሳይጠሯት ቀሩ። ይሄኛው የውጭ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የነፃ ትምህርት ዕድል ነው፤ አብዛኛው ትምህርት በኢንተርኔት ስለሆነ ሥራዋን ሳትለቅ ልትማር ትችላለች። የዕድሜ ገደብ ግን አለው፣ እሷም ገደቡ ላይ ደርሳለች። ከዚህ በኋላ አራተኛ ጊዜ የሚባል ነገር የለም።

ቃለ መጠይቁ ቅዳሜ ጠዋት በቪዲዮ ነው። በሰዓቱ ያልተገኘ አመልካች ማመልከቻው እንደተሰረዘ ይቆጠራል ይላል ደብዳቤው። አሳትማ የፍሪጁ በር ላይ ለጠፈችው። "10፡00" ከሚለው አጠገብ በእስክሪብቶ "በእኛ 4፡00" ብላ ጽፋበታለች። ምንም ነገር ስትጽፍ እንዲህ ነው፣ ሁለቱንም ሳታስቀምጥ አታልፍም። እኔ ደግሞ በዚህ ልማዷ ስስቅባት ኖሬያለሁ።

እኔ እዚሁ ሆሳዕና የሒሳብ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ቲቸር ይሉኛል፤ ባለቤቴም እንዲሁ የምትለኝ ጊዜ አለ፣ ያኔ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። መፍታትና መግጠም እወዳለሁ። ቤታችን ውስጥ እኔ ያልፈታሁት ዕቃ የለም፤ ፈትቼ ሳልገጥመው የቀረ ግን ሞልቷል። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘሉ አይሰበሩ ይባል የለ፤ የእኔ ጥጋብ ራውተሩ ላይ ወጣ።

ራውተራችን አሮጌ ነው። ውስጡ ያለው ሶፍትዌር፣ ፈርምዌር የሚሉት፣ ማሻሻያ ካገኘ ዓመታት ሆኖታል። በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ለእንዲህ ያለ ዕቃ የሠሩት ሌላ ፈርምዌር እንዳለ አነበብኩ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የፋብሪካውን አውጥቼ የእነሱን ጫንኩ። ያደረግሁትን ሁሉ በደብተር ላይ ተራ ቁጥር እየሰጠሁ ጻፍኩ፤ የመምህር ነገር። ሠራ። ሰኞ ዕለት መምህራን ክፍል ውስጥ ስለዚህ ያልነገርኩት ሰው አልነበረም። እንግሊዝኛ የምታስተምረዋ ባልደረባዬ "እና አሁን ከበፊቱ በምን ይሻላል?" ስትለኝ ብቻ ትንሽ ተንተባተብኩ።

የሚሻልበት አንዱ ነገር ይህ ነው። ስልክ አንድ ድረ ገጽ ሊከፍት ሲል መጀመሪያ አድራሻውን ሰው ይጠይቃል፤ በእኛ ከተማ የቤት ቁጥር ይዞ የሚዞር እንደሌለ ሁሉ ኢንተርኔትም ውስጥ በስም ነው የሚጠየቀው። ድሮ ራውተራችን መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ጮክ ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን አንድ የታመነ አድራሻ ጠቋሚን ብቻ፣ ያውም በሚስጥር፣ ማንነቱን በምስክር ወረቀት አረጋግጦ እንዲጠይቅ አደረግሁት። ሁለት ሳምንት ያለ እንከን ሄደ።

ሐሙስ ማታ፣ ለቃለ መጠይቁ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሴት ልጆቼን ስልክ ላይ አፍጥጠው አየኋቸውና ተናደድኩ። አዲሱ ፈርምዌር የልጆችን ስልክ በተወሰነ ሰዓት የሚዘጋ ቦታ አለው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ብዬ ልሞላ ስል ራውተሩ የሚያሳየኝ ሰዓት የፈረንጅ፣ ቀኑም የፈረንጅ ነው። እዚህ ስድስት ጨምር፣ እዚያ ስድስት ቀንስ። ሆሳዕና ውስጥ፣ በእኔ ሳሎን፣ በእኔ መብራት የሚኖር ዕቃ ለምን በሰው አገር ሰዓት ይኖራል? ሰዓቱን ከኢንተርኔት በራሱ የሚያመጣበትን ቦታ አጠፋሁና ቀኑንም ዓመቱንም ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር አስገባሁ። ደብተሬ ላይም የመጨረሻ ተራ ቁጥር ሰጥቼ "ሰዓቱን ማስተካከል" ብዬ ጻፍኩ። ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን ከልጆቹ ክፍል የእሮሮ ድምፅ ተሰማ። እኔ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ኢንተርኔት የለም። ዋይፋዩ ምልክቱ ሙሉ ነው። የሚገርመው ቴሌግራም ይሠራል፤ ከእሱ በቀር ግን የሚከፈት ነገር የለም። በመጀመሪያ መስመሩን ጠረጠርኩ። ዝናብ ስለነበር ከግድግዳው የሚወጣውን ገመድ ነካካሁ፣ አደረቅሁ፣ አጠበቅሁ። ጎረቤት ሄጄ ጠየቅሁ፤ የእነሱ ይሠራል። ጥፋቱ እኛ ቤት ነው ማለት ነው።

የፋብሪካውን ፈርምዌር ልመልስ ብል ቅጂውን አላስቀመጥኩም። በመጨረሻ ሪሴት አድርጌ፣ የሞላሁትን ሁሉ አጥፍቼ፣ ከደብተሬ እየገለበጥኩ እንደገና ሞላሁ፣ ከአንድ እስከ መጨረሻው ተራ ቁጥር። አልሠራም። ደግሜ ሪሴት አደረግሁ፣ ደግሜ ሞላሁ። አልሠራም። ለሦስተኛ ጊዜም እንደዚያው። ራውተሩ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ቀኑ ወደ ፈረንጅ ይመለስበታል፤ እኔም "አይ አንተ!" እያልኩ በትዕግሥት እያረምኩለት ነው። ተማሪዎቼን በየደረጃው አረጋግጡ እያልኩ የማደርቅ ሰውዬ አንዱንም መካከል ላይ ቆሜ አልሞከርኩም፤ ሁልጊዜ የመጨረሻውን መልስ ነበር የማየው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ማለት ይሄ ነው።

ቴሌግራም ስለሚሠራ ራውተር የሚነካኩ ሰዎች ያሉበት ቡድን ውስጥ ገብቼ ችግሬን ጻፍኩ። አንድ የማላውቀው ሰው ወዲያው መለሰልኝ፦ "ወንድሜ፣ የራውተርህ ቀንና ሰዓት ትክክል ነው?"

"ትክክል ነው" አልኩት። "በገዛ እጄ ነው ያስተካከልኩት።"

"እስቲ ገጹን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።"

አልላክሁለትም። ቅር አለኝ እንጂ። የሃያ ዓመት የሒሳብ መምህር ሰዓት አያነብም ብሎ ነው? ልቤ ላይ ያለውን ሳልነግረው "አመሰግናለሁ" ብዬ ዘጋሁት።

ባለቤቴ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከሥራ መጣች። ጤና ጣቢያ ውስጥ የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ ናት። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ "ኢንተርኔቱ እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ሰላም ነው" አልኳት።

ይህን ቃል ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት፤ ልመልሰው ግን አልቻልኩም። በዚያች ማታ የሚያስፈልጋት የታተሙ ወረቀቶቿ ብቻ ስለነበሩ ኮምፒውተሩን አልከፈተችም፤ ልጆቹም ስልካቸው የቆመው በእኔ እገዳ መስሏቸው አልጠየቁም። ትልቋ ልጃችን ጠያቂ ሆና፣ መነጽር አድርጋ፣ በእንግሊዝኛ "ስለ ራስሽ ንገሪኝ" ስትላት ይስቃሉ። እኔም ጥግ ላይ ተቀምጬ እስቃለሁ፣ ዓይኔ ግን የራውተሩ መብራት ላይ ነው። ነገ ጠዋት ሳትነቃ አስተካክለዋለሁ፣ ሳታውቀው ያልፋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እውነቱን ለመናገር ያሰብኩላት እሷን ብቻ አልነበረም። ለአሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችውን ነገር እኔው በድጋሚ ላበላሽባት ነው የሚለውን ፊቷ ላይ ማየት ፈራሁ።

ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ራውተሩ ፊት ተቀምጫለሁ። አራተኛው ሪሴት፣ አራተኛው ደብተር መገልበጥ፣ አራተኛው ውድቀት። ሌላ መላ እንዳልፈልግ፣ ቤታችን ረባዳ ቦታ ላይ ስለሆነ የስልክ ዳታ ድምፅ እንኳ አያስተላልፍም። የእኔ ትምህርት ቤትም የእሷ ጤና ጣቢያ ቢሮም ቅዳሜ ዝግ ነው፤ ጎረቤቶቻችንም ቤታቸውን ቆልፈው ሠርግ ሄደዋል። የግንቦት ቅዳሜ ስለሆነ ደህና ኢንተርኔት ያላቸው ሆቴሎች ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ የሠርግ ሙዚቃ እየሞከሩ ነው።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ለብሳ ወጣች። ቤተ ክርስቲያን ለትልልቅ በዓላት የምታደርገውን ሰማያዊ ጃኬት አድርጋለች፣ ፀጉሯን አስይዛለች። ደብዳቤው ቀደም ብላችሁ ሞክሩት ስለሚል ኮምፒውተሩን ከፈተች። ከራውተሩ አጠገብ ሆኜ አየኋት። አንዴ ነካች፣ ጠበቀች፣ ደግማ ነካች።

"አይከፍትም" አለች።

"አውቃለሁ" አልኩ።

"ምን ማለት ነው አውቃለሁ?"

ነገርኳት። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ እንደዚህ እንደሆነ፣ ማታ እንደዋሸኋት፣ ሁሉንም። እሷ የአንጋጫ ልጅ ናት፣ እኔ የፎንቆ፤ እሷ ከምባትኛ፣ እኔ ሀዲይኛ፣ ትዳራችን በአማርኛ ነው የሚካሄደው። መጣላትም ስንጣላ በአማርኛ ነው። ከልቧ ስትቆጣ ግን አማርኛው ይቆማል፣ ከንፈሯ በከምባትኛ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደምትል ጠይቄያት አታውቅም፣ ነግራኝም አታውቅም። ያን ጠዋት ለረጅም ጊዜ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ነው። ዓይኗ እንባ ሲሞላ አየሁና መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ ጃኬቷን አውልቃ ወንበር ላይ ሰቀለችና አጠገቤ ተቀመጠች።

"ቲቸር" አለችኝ፣ "እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ። አታስረዳኝ። ያደረግከውን ብቻ ንገረኝ።"

መድኃኒት አልስማማ ያለውን ሰው የምትጠይቀው እንደዚህ መሆን አለበት። መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት ደህና ነበር? አብሮት ምን ወሰድክ? ደብተሬን ገልጬ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ሳታቋርጠኝ ሰማች።

"ሐሙስ ማታ ይሠራ ነበር?"

"ይሠራ ነበር።"

"ከሐሙስ ወዲህ ምን ለወጥክ?"

"ምንም አልለወጥኩም።"

"ምንም?"

"ምንም። ሰዓቱን አስተካከልኩ እንጂ።"

ይኸው ነው ጥፋቱ። ማስተካከልን እንደ መለወጥ አልቆጠርኩትም ነበር። ሁሉን ነገር ስጠረጥር፣ ዝናቡን ሳይቀር ስጠረጥር፣ ያቺን አንድ መስመር ግን ትክክል ስለመሰለችኝ ብቻ አልፌያታለሁ።

ባለቤቴ ራውተሩ በራሱ የሚጽፈውን የስህተት መዝገብ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ገጹ ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚደጋግመው። እኔ ከትናንት ጀምሮ ሃምሳ ጊዜ አይቼዋለሁ።

"ይሄ ምን ይላል?"

"የጠቋሚው ምስክር ወረቀት አይሠራም ነው የሚለው።"

"አይደለም። ገና አልጀመረም ነው የሚለው። ጊዜው አለፈ አላለም፣ ገና ነው አለ።" ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገች። "ዛሬ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው ብለህ ነግረኸዋል?"

"ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነዋ" አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል?

እጇን አፏ ላይ አደረገች። መጀመሪያ የምታለቅስ መሰለኝ። እየሳቀች ነበር።

በእሷ መሥሪያ ቤት መዝገቡ በሙሉ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው፤ የመድኃኒቱ ካርቶን ግን ከውጭ ስለሚመጣ ጊዜው የሚያበቃበት ቀን በፈረንጅ ነው። አንድ ጊዜ አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት በእኛ ዓመት ቆጥሮ፣ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል ብሎ፣ ከደህናው ጋር ደርድሮት አገኘችው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሠራተኛ ሁሉ ካርቶን ከመንካቱ በፊት "በማን አቆጣጠር?" ብሎ ጮክ ብሎ እንዲናገር ታደርጋለች። ይህን ታሪክ ቤት ውስጥ ነግራናለች፤ እኔም ያን ምስኪን ልጅ አንስቼ ስስቅበት ነበር።

"አንተ ደግሞ ገና ያልተሠራ መድኃኒት አምጡልኝ እያልክ ነው" አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። ሳሎኔ ውስጥ ያለው ራውተር እኔ በነገርኩት መሠረት ፈረንጆቹ ከሰባት ዓመት ተኩል በፊት ያሳለፉት ጊዜ ላይ ነው የሚኖረው። የታመነው ጠቋሚ መጥቶ ምስክር ወረቀቱን ሲያሳየው፣ ወረቀቱ የተሰጠው ወደፊት፣ ገና ከብዙ ዓመት በኋላ ሆነበት። አታላይ ነህ ብሎ ይመልሰዋል። ሐሙስ ማታ ወዲያው ያልቆመውም ቀድሞ ጠይቆ የያዛቸው አድራሻዎች ስለነበሩት ነው። ቴሌግራም ደግሞ የራሱን አድራሻ በልቡ ይዞ ስለሚዞር ጠቋሚ አያስፈልገውም። ዕቃው ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ውሸታሙ እኔ ነበርኩ።

ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲያመጣ የሚያደርገውን ቦታ መልሼ አበራሁ። የፈረንጁ ቀን መጣ። ሁለታችንም ስክሪኑን እናያለን። ያ ዓረፍተ ነገር አንዴ ወጣ፣ ሁለተኛ ግን አልወጣም። ከዚያ ከልጆቹ ክፍል አንዱ ስልክ ጮኸ፣ ሌላው ተከተለ፣ ከትናንት ጀምሮ የታፈነው መልእክት ሁሉ ተግተልትሎ ሲገባ ትንሿ "መጣ! መጣ!" እያለች በሌሊት ልብሷ ወጣች።

እፎይ! ይህን ቃል በሕይወቴ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ፣ ትርጉሙን ያወቅሁት ግን ያን ጊዜ ነው። ደብተሬን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አንጀቴ ራሰ። ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር፤ አንድ ሰዓት ተኩል ይቀረናል። ባለቤቴ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች፣ ጃኬቷን ለበሰች፣ ልታልፈኝ ስትል ቆመችና ከላይ ወደ ታች አየችኝ።

"ትናንት ማታ ብትነግረኝ ኖሮ በደቂቃ ያልቅ ነበር" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ጉዳዩ ራውተሩ አይደለም።"

"እሱንም አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ራሷን ነቀነቀች። "እስክጨርስ ድረስ ሁለቱንም እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግ" ብላ ገባችና በሩን ዘጋችው።

እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። ልጆቹን ስልካቸውን እንዲያጠፉ ነገርኳቸው፤ ያለ አንድ ቃል አጠፉ። አራት ሰዓት ሲሆን ከውስጥ የሰው ድምፅ መጣ፣ የሴት፣ ጥርት ያለ። ባለቤቴ ስትመልስ መጀመሪያ ድምጿ ትንሽ ቀጭን ነበር፣ ከዚያ የራሷ ሆነ። ስለ መድኃኒት አያያዝ ስትናገር ጠያቂዎቿን ያስተማረቻቸው መሰለኝ። ማለፏን የሰማነው ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ ያን ቀን ከደስታ ብዛት ምን እንደሆንኩ አላስታውስም። የዚያን ቅዳሜ ግን ሁሉንም አስታውሳለሁ።

ወደ መጨረሻው ላይ አንዱ ጠያቂ፣ ድምፁ ሽማግሌ የሚመስል፣ ትምህርቱ ሁለት ዓመት ይፈጃል፣ በየዓመቱም ስድስት ሳምንት ከቤት መራቅ አለ፣ ልጆች አሉሽ፣ እንዴት ልትሆኚ ነው አላት። ጆሮዬን ወደ በሩ አስጠጋሁ። ያ ሁሉ ዓመት በዚያ ጥያቄ ውስጥ ያለ መሰለኝ፤ ምን ብላ ትመልስ?

"ባለቤቴ አለ" አለች በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ። "ስህተት ይሠራል። ስነግረው ግን ይሰማል።"

ወንበሩ ላይ ቀና አልኩ። ይህ ነገር እስከዚያ ቅዳሜ ጠዋት ድረስ እውነት እንዳልነበረ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። እጄን የማደርግበት ስለጠፋኝ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ጨብጬ ያዝኩት፣ ቃለ መጠይቁም እስኪያልቅ አላወጣሁትም።